በሰው ስም የሰጠሁት

መስከረም 25፣ እሑድ። ቁረይሻ፣ ሱዳን

ሰሊጡ ከታች በኩል ቢጫ ማለት ጀምሯል። የባለእርሻው ወኪል ትናንት መጥቶ አንዱን ፍሬ በጥፍሩ ፈልቅቆ አየና "ሐሙስ ማጭድ" ብሎ ሄደ። አሥራ አንድ ነን፤ ሁላችንም ከመተማና ከቋራ ወገን፣ አለቃችን ይልቃል። አንድ ጎጆ፣ አንድ ድስት፣ አንድ የውሃ በርሜል። የካምቦ፣ የእርሻ ሠራተኛ ሰፈር፣ ሕግ ነው፤ የተገኘ ሁሉ ይካፈላል፤ ሽንኩርትም ሆነ ስድብ።

ለካ መድኃኒትም ይካፈላል። ከእኛው አንዱ፣ ደረሰ፣ ሽንቴ አቃጠለኝ ካለ ሳምንቱ ነው። "ቀትር ላይ የጋለ ድንጋይ ላይ ሸንቼ ነው፤ ሙቀቱ ሽቅብ ተመለሰብኝ" ይላል። ሁላችንም አዎ፣ እንዲህ ያደርጋል አልነው። እኔም ብያለሁ። ከገበያ ያመጣውን ባለሁለት ቀለም ክኒን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተካፈለው፤ እነሱ ምንም ሳይሆኑ "ለማንኛውም" ብለው ዋጡት። ጠዋት ሱሪው ላይ የደረቀ ቢጫ ነገር አይቻለሁ። እንዳላየ አለፍኩ።

ስንመጣ ዶካ ከተማ ላይ ሎሪ ስንቀይር ሻይ ልጠጣ ብዬ ትንሽ ዘግይቼ ነበር፤ እስካሁን "የዘመኑ ሻይ አይበርድም" እያሉ በስሜ ያላግጡብኛል። ሻይ ነው የጠጣሁት።

የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው። እናኑን ካገባሁ አራት ዓመት ሞላኝ፤ ልጅ የለንም። ከቤት ስወጣ አባቴ በር ላይ አስቁሞ "ሰሊጡ ይለቅና ለኅዳር ሚካኤል ሽማግሌ ተቀምጦ ይህችን ልጅ በሰላም ወደ እናቷ እንመልሳት" አለኝ። መካን ናት ማለቱ ነው። ሌላ ልጃገረድም አይቷል። "እሺ" አልኩት። እሺ ስል እናኑ ጓዳ ነበረች፤ ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ሁሉን ያሰማል። እወዳታለሁ። ግን አባቴን እንቢ ብዬ አላውቅም።

መስከረም 30

አጨዳ ተጀመረ። ወገብ የለኝም። ደረሰ "ደረቀልኝ!" እያለ ሲስቅ ዋለ። ደግ ሆነለት።

ጥቅምት 2፣ እሑድ

አልደረቀለትም። ዛሬ ከጎጆው ጀርባ ግራሩን በአንድ እጁ ይዞ፣ ጥርሱን ነክሶ ሲሸና ይልቃል አየው። ይልቃል አለቃችን ብቻ አይደለም፤ እህቱ ዙፋን ለደረሰ ታጭታለች፣ ሠርጉ ለጥር ነው። ድምፁን ሳያነሳ "ይህ የድንጋይ ሥራ አይደለም፤ ጨብጥ ነው" አለው። "ዶካ ሄደህ ተመርመርና ነጻ ነው የሚል ወረቀት አምጣ። ያለ ወረቀት እህቴን አትነካትም።"

ደረሰ አንገቱን ደፋ። እኔም እንደ ሽማግሌ ጉሮሮዬን ጠርጌ ወንድ ልጅ ራሱን መጠበቅ እንዳለበት፣ ትዳር ክብር መሆኑን ተናገርኩ። አሳምሬ ነው የተናገርኩት። ሁሉም አዳመጠኝ።

ከሰዓት ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥቼ ለእናኑ ደወልኩ። ሰባት ቀን ጠበል ሰንብታ መመለሷ ነው። "ከእምብርቴ በታች ያ ሕመም ተነሣብኝ" አለች። "ጠበሉ ያሽርሻል" አልኳት። ሌላ ነገር አልጠየቅኋትም። "አባትህ ትናንት መጥተው የቤቱን ዕቃ አንድ በአንድ ሲያዩ ዋሉ" አለች። አንዲት ጠጠር በእግሬ ገፋሁ። "አለህ?" አለች። "አለሁ" አልኳት። ኔትወርኩ ተቋረጠ ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው፤ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ጥቅምት 6

ውሃ ልንቀዳ ስንሄድ ደረሰ ወደ ኋላ ጎተት አደረገኝ። "ዘመኑ፣ አንተ ባለትዳር ነህ፤ ምንም የለብህ። ሽንቱን አንተ ስጥልኝ።" ዓረብ አገር ለመሄድ የሚመረመሩ ልጆች በሰው ሽንት ያልፋሉ አለኝ። ሳቅሁበት። እንቢ ግን አላልኩትም።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ። ዶካ ደርሰን መጣን

ጎሕ ሲቀድ በትራክተር ተጎታች ተነሣን። ሐኪሞቹ ከገበያው ዳር ድንኳን ተክለዋል፤ ጦርነቱ ላፈናቀላቸው ሰዎች ነው የመጡት፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ግን የእርሻ ሠራተኛም ያያሉ። የተቀበለችን ሲሃም የምትባል ነርስ ናት። ወላጆቿ የጎንደር ሰዎች ናቸው፤ እሷ ግን ገዳሪፍ ተወልዳ ስላደገች በአማርኛዋ መሃል ዓረብኛ ይገባባታል።

"ፈሳሽ አለህ?" አለችው ደረሰን።

"ነበረ። ደርቋል።"

"ክኒን ውጠሃል?"

"ትንሽ። ለሦስት ተካፍለን።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ያ ዞል! አንተ ሰው፣ ክኒን ዳቦ ነው እንዴ ለሦስት የሚቆረስ?"

ልየው ብትለው ለሴት አላሳይም ብሎ ሙጭጭ አለ። ወንዱ ሐኪም የለም ነበር። እሷም አልተቆጣችም፤ ቁጭ አድርጋ ታስረዳን ጀመር። የጋለ ድንጋይ በሽታ አያስይዝም፤ ከሰው ወደ ሰው በግንኙነት ነው። ጨብጥ ወንድን ቶሎ ያጋልጠዋል፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ወፍራም ቢጫ ፈሳሽ ያመጣል፣ ሽንት ያቃጥላል። ሌላ ደግሞ ክላሚዲያ የሚባል አለ። እሱ ቢበዛ ቀጭን ፈሳሽ፣ ጠዋት ጠዋት ትንሽ መለብለብ፣ አንዳንዴ የዘር ፍሬ ሕመም ነው። "አብዛኛው ወንድ ግን ምንም አያይበትም" አለች። "ደህና ነኝ ብሎ ይኖራል። ሴቷ ላይ ግን ሽቅብ ማኅፀን ድረስ ይወጣል፤ ልጅ እስከመከልከል ይደርሳል።"

እኔ የድንኳኑን ገመድ እያየሁ ነበር።

"አንተስ?" አለችኝ።

"እኔ አጃቢ ነኝ። ባለትዳር ነኝ።"

"ባለትዳርነት ክትባት ነው?" ደረሰ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ብልቃጥ ሰጠችው። ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ያልሸና መሆን አለበት፤ ሳይታጠብ፣ ገና ሲጀምር የሚወርደውን እንጂ የመሃሉን እንዳይቀዳ ደጋግማ ነገረችው። ደረሰ ከተጎታቹ እንደወረደ ሸንቷል። እኔ ከሌሊት ጀምሮ አልሸናሁም። ከቆርቆሮው መጸዳጃ ጀርባ ሆነን ብልቃጡን አቀበለኝ፤ እንዳለችው አድርጌ ሞላሁለት። ሲመልስላት የደረሰን ስም ጻፈችበትና በረዶ ያለበት ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ማሽኑ ያለው ገዳሪፍ ነው። ውጤቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ።

ጥቅምት 13

ነዶ እያሰርን ነው። እጄ ተላልጧል። ደረሰ "ባለውለታዬ" እያለ ያሞግሰኛል። ለሠርግህ ያዋጣሁት ይህ ነው አልኩት። ንጹሕ ሽንት ከንጹሕ ሰው።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

"አብዛኛው ወንድ ምንም አያይበትም።" ይህች ቃል አልለቀቀችኝም። ሳጭድም ትመጣለች።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ እዚሁ፣ ሽንቴን ለብልቦኝ ያውቃል። ሦስት አራት ቀን ነው። የዚያ ዓመት ሙቀት ለሁሉም ሰው ከባድ ነበር። ክኒን ዋጥኩ፤ ተወኝ። ከዚያ ወዲህ ምንም የለብኝም።

ዶካ ያለው ያ ቤት የገባሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ። ልብ የሚባል ነገር ያልነበረበት፣ መንገደኛ የሚያደርገው ነገር።

የእናኑ ሕመም የጀመረው የዚያን ዓመት ጥር ላይ ነው። እህል ስትፈጭ ብድግ ብላ ሆዷን ይዛ ግድግዳ ስትደገፍ አይቻታለሁ። ከባድ አንስታ ነው ብዬ ነበር። ጥርና እኔ ከእርሻ የተመለስኩበት ኅዳር መቀራረባቸው ምንም ማለት አይደለም፤ ሴት ብዙ ነገር ያማታል።

ጥቅምት 20

በርሜሉ ጋ ሁለቱ ልጆች ሲያወሩ ደረስኩ። ስለ እኔ ነው። አንዱ "ሚስቱ ደረቅ መሬት ናት አሉ" አለ። ሌላው "እሱማ ምን ጎደለው፣ እንዲህ ያለ ጎበዝ!" አለው። ባልዲዬን ሞልቼ በመሃላቸው አለፍኩ። አፌን ከፍቼ አንድ ቃል ብናገር ምን ነበረበት?

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ተጎታቹ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ይነቀንቀኛል።

ሲሃም ወረቀቱን ፊቷ ዘርግታ ነበር። "ደረሰ፣ ፈሳሹ ተመለሰ?"

"ተመለሰ።" ሕመሙ ኩራቱን አሸንፎታል።

"መልኩ?"

"ቢጫ። ወፍራም።"

ወረቀቱን አየች፤ እሱን አየች። "ማሽኑ ጨብጥ የለበትም ይላል። ክላሚዲያ አለበት ይላል። አንተ የምትነግረኝና ይህ አልተገናኙም።" ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጋ "ወላሂ አልቆጣም፤ ይህ ሽንት ያንተ ነው?" አለችው።

ደረሰ ወደ እኔ ዞረ። ይጠቁመኛል ብዬ ነበር። አልጠቆመም፤ አዘነልኝ። ያ ነው የበለጠ የገደለኝ።

"የእኔ ነው" አልኩ።

"ሽንቱ ያንተ ከሆነ ውጤቱም ያንተ ነው" አለችና የደረሰን ስም ሰርዛ የእኔን ጠየቀችኝ። ዘመኑ ብላ ጻፈች። "ሚስትህን ሆዷን ያማታል?"

"ያማታል።"

"ልጅ?"

"የለንም። አራት ዓመታችን ነው።"

መጻፏን አቆመች። "መዓሌሽ" አለች በዓረብኛ፣ እንደ ማጽናናት፣ ቀስ ብላ። ለእኔ ይሁን ለእናኑ አላወቅሁም።

ብትታከም ትወልዳለች ወይ ብዬ ጠየቅሁ። መድኃኒቱ ተሕዋሲውን ይገድላል፤ ውስጥ የተጎዳ ቱቦ ካለ ግን አይጠግንም አለች። "ልትወልድ ትችላለች፣ ላትችልም ትችላለች። መጀመሪያ ትታከም፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄዳ ትታይ።" ለሁለታችን የሰባት የሰባት ቀን ክኒን ሰጠችኝ፤ ጠዋትና ማታ፣ ከብዙ ውሃ ጋር። እናኑ እርጉዝ ከሆነች ይህን መዋጥ የለባትም። ሁለታችንም ጨርሰን ሳምንት እስኪሞላን መነካካት የለም። ከሦስት ወር በኋላ እንደገና መመርመር። ደሜንም ወሰዱ፤ ለቂጥኝና ለኤች አይ ቪ፤ ሁለቱም የለብህም ተባልኩ። ስወጣ ጠራችኝና "ለሁለት ሰው ነው የሰጠሁህ፤ ለካምቦው አይደለም" አለች።

ደረሰ አዲስ ብልቃጥ ተሰጥቶት በራሱ ስም ሞላ። ወንዱ ሐኪም አይቶት ውጤት ሳይጠብቅ መርፌውን ወጋው።

ጥቅምት 27

ማሽንም ይሳሳታል። በረዶው ቀልጦ ቢሆንስ? ብልቃጥ ተቀያይሮስ ቢሆን?

ከእሷ ቢሆንስ? ወረቀቱ ማን እንዳመጣው አይናገርም።

ይህን ጽፌ ሳነበው አፈርኩ። እናኑ ከቤት ወጥታ የምትሄደው ወፍጮ ቤትና ጠበል ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ፤ በደረሰ ላይ ያን ሁሉ ምክር ያዘነብኩት እኔ ነኝ። ግን አልሰረዝኩትም። ማሰቤን ልወቀው።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

ደረሰ ዛሬ ከምሳ በኋላ ይልቃልን ወደ ዛፉ ሥር ጠራው። እኔንም "ና" አለኝ። አሁን ያወጣዋል ብዬ እግሬን እየጎተትኩ ተከተልኩ።

"ጨብጥ ነው" አለው ደረሰ። "ወረቀቱንም በሰው ሽንት ላታልልህ ነበር። አልሆነም። አሁን እየታከምኩ ነው።"

ስሜን አልጠራም። ይልቃል ማጭዱን ሲስል ቆየ። በመጨረሻ "ሠርጉ ከፋሲካ ወዲያ ይሁን" አለ። "ታክመህ፣ በራስህ ተመርምረህ። ዙፋንም ትሰማዋለች፤ እንቢ ካለች እንቢ ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "የማን ሽንት እንደነበር አልጠይቅህም። ቤትህ ግን ሽማግሌ ሊቀመጥ እንደሆነ ሰምቻለሁ" አለኝ። ማንም አልተሳደበም። ደረሰ በሃያ ሁለት ዓመቱ ያደረገውን እኔ በሠላሳ አንድ ዓመቴ አቃተኝ።

ኅዳር 3

የእኔን ክኒን ትናንት ጨረስኩ። ጉብታው ላይ ሦስት ቀን በተከታታይ ወጣሁ። አንድ ቀን ስለ ዝናብ፣ አንድ ቀን ስለ በሬው፣ ዛሬ ደግሞ ስለ ጎረቤት ለቅሶ አወራን። "ሌላ የምትለኝ ነገር አለ?" አለች። "የለም" አልኳት።

ኅዳር 8

ሰሊጡ አለቀ። ነገ መንገድ። የእሷን ክኒን ሸሚዝ ውስጥ ጠቅልዬዋለሁ።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ። መተማ

ነገርኳት። እጄን ሳልታጠብ፣ እህል ሳልቀምስ ነገርኳት፤ ከበላሁ እንደማልናገር አውቄ ነው። ምን እንደሚባል፣ ወንድ ላይ እንደማይታይ፣ ያ ሕመሟ ከእሱ ሊሆን እንደሚችል፣ አለመውለዷም። ዶካ አንድ ጊዜ ብቻ እንዳጠፋሁ።

አላለቀሰችም። የያዘችውን ሰፌድ መሬት አስቀመጠች። "እኔ መካን ነኝ ብዬ እግዜርን ስንት ነገር እንዳልኩት ታውቃለህ?" አለች። ከዚያ ጠየቀችኝ፦ "ለእኔ ያልከውን ነገ ለሽማግሌዎቹ ትለዋለህ?"

"እላለሁ" አልኳት። አባቴ በዓይኔ መጣብኝ። ሌላ አልጋ ላይ ተኛሁ።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

አራት ሽማግሌዎች፣ አባቴ፣ እናኑና እናቷ። ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። አባቴ ጀመረ፤ በክፉ አልተናገራትም፣ "ዕጣዋ ሆኖ" እያለ ነው። ሳይጨርስ ተነሣሁ። አባቴ ሲናገር አቋርጬው አላውቅም።

"አባባ፣ ይቅርታ። በሽታ ተገኝቶብኛል። የአባለዘር በሽታ። ለእሷም አስተላልፌባታለሁ፤ ያልወለደችው በእሱ ሊሆን ይችላል።"

ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። አባቴ ተነሥቶ ክንዴን ያዘኝና ወደ ዳር ወሰደኝ። ጆሮዬ ሥር "ከእሷ ነው በል" አለኝ። "ማን ያያል? ከእሷ ነው ብለህ ንገራቸውና ስምህን አድን።" ስለ እኔ ፈርቶ ነው፤ ጠልቷት አይደለም። ይህን አውቃለሁ።

ተመልሼ ቆምኩና ጮክ ብዬ "ከእኔ ነው" አልኩ። "ዶካ፣ ሴት ቤት ገብቼ ነው ያመጣሁት። እሷ ምንም አላጠፋችም።"

አባቴ ዱላውን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ዞሮ አላየኝም። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ጥቂት ቆይተው ወደ እናኑ ዞሩና "ልጄ፣ እንግዲህ ሰው ነው፣ ተሳስቷል፤ ይቅር በይው" አሏት። ቅድም ሊሸኟት የተቀመጡት እኮ ናቸው።

እናኑ ተነሣች። እነሱን ሳይሆን እኔን ነው ያየችው። "ዛሬ ሚካኤል ነው" አለች። "በሚካኤል፣ እውነቱን ንገረኝ። ስንት ጊዜ?"

አንድ ጊዜ ልላት አፌ ተከፍቷል። እዚህ ደብተር ላይም እንዲያ ብዬ ጽፌያለሁ፤ ደጋግሜ ስለጻፍኩት እውነት መስሎኝ ነበር።

"በየዓመቱ" አልኳት። "ስሄድም ስመለስም። ዘንድሮም ስሄድ።"

ራሷን ነቀነቀች። "እኔም በየዓመቱ ነው ጠበል የወረድኩት" አለች።

ክኒኑን ከእጄ ተቀበለችና እናቷን ተከትላ ሄደች። ልብሷን አልያዘችም።

ኅዳር 19

ዛሬ ሰባተኛው ቀን ነው። በማግስቱ ጀምራው ከሆነ ዛሬ ማታ ትጨርሳለች። እናቷ ቤት ድረስ ሄጄ ነበር። እናቲቱ በር ላይ ቆመው "ጤና ጣቢያ ሄዳለች፣ ልትታይ" አሉኝ። ግባ አላሉኝም። ልጠብቃት ብዬ አጥሩ ጋ ተቀመጥኩ፤ ስትመጣ ከሩቅ አየችኝ፣ እርምጃዋን አላፈጠነችም፣ አልቀነሰችም። "ጨረስሽው?" ልላት ፈልጌ አልደፈርኩም። በአጠገቤ አልፋ ገባች።